ድርሰታችን ምን ይላል?

የደከምንበት ድርሰት ታርሞ ሲመለስ በኅዳጉ ላይ «ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው?» የሚል የመምህር ጽሕፈት ያላገኘ ከመካከላችን ጥቂት ነው። በውጤቱ እናዝናለን እንጂ ጥያቄውን አንመልሰውም። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው፤ ርእስ ይዘን ጭብጥ አልያዝንምና።

ጭብጥ ማለት ጸሐፊው የሚሟገትለት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። በዳኛ ፊት ከሳሽ ነገሩን ለይቶ ሲያቀርብ ተከሳሽ ወይ ያምናል ወይ ይክዳል፤ ክርክሩም በተካደው ነገር ላይ ይሆናል። የሚክደው የሌለ ነገር ሙግት አያስፈልገውም። ድርሰትም እንዲሁ ነው።

ለምሳሌ ስለ ዘውዱ ዘመን የመሬት ሥሪት እንድንጽፍ ታዘዝን እንበል። «የመሬት ሥሪት በኢትዮጵያ» ብንል ርእስ ብቻ ነው። «ሥሪቱ መሻሻል ነበረበት» ብንል ባለርስቱም ጭሰኛውም «እውነት ነው» ብለው ያልፉናል። «ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለርስት እየሰጠ እርሻውን ሊያለማ አልቻለምና፣ መሬቱ ለአራሹ መሰጠት ነበረበት» ስንል ግን የሚክደን አገኘን። ምክንያቱም አብሮ ስላለ የድርሰቱን አካሄድ ያሳየናል፤ ይኸውም በመጀመሪያ ጭሰኛው የሚሰጠው ድርሻ፣ ቀጥሎ በእርሻው ላይ ያስከተለው ጉዳት፣ በመጨረሻም ለተቃዋሚው የሚሰጠው መልስ ነው።

ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ቃላቱን መመርመር ያስፈልጋል። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሲሰለፉ ቃሉ ለሰልፍ በቂ ነበረ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው፤ ለገበሬው የመጠቀም መብት ሰጥቶ መሸጥን ከለከለ። እንግዲህ «ለአራሹ» ማለት በባለቤትነት ነውን ወይስ በመጠቀም? መፈክር ይህን ሳይለይ ሊያልፍ ይችላል፤ ድርሰት ግን አይችልም።

ብዙዎቻችን ነገሩን አስፍተን የምንጽፈው መረታትን ስለምንፈራ ነው። ምንም ያላለ ሰው አይሸነፍም፤ ነገር ግን አያሸንፍም። ስለዚህ ብዕር ከማንሣታችን በፊት ጭብጣችንን ለመኝታ ክፍል ጓደኛችን እንንገረው። «ልክ ነህ» ብሎ ቢተኛ እንደገና እናስብበት፤ «በጭራሽ!» ብሎ ከአልጋው ቢነሣ መጻፍ እንጀምር።