ሁለት ወንድማማቾች፣ ሁለት “ድሮ”

ልጆች በኮምፒውተር ጨዋታ ሲጣሉ “ማን አሸነፈ?” ብለን ጠይቀን እናልፋለን። ዛሬ የማነሳላችሁ ጠብ ግን የማሸነፍና የመሸነፍ አይደለም፤ “የትኛው ዘመን ላይ እንጫወት?” የሚል ነው።

ጨዋታው ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት ይባላል። ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ነው። ሰዎች በየቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት አንድ ዓለም ውስጥ ይገናኛሉ፤ አብረው ይዘምታሉ፣ ይገበያያሉ፣ ያወጋሉ። በየወሩ ይከፈልበታል። በሁለት ዓመት ገደማ አንዴ አዲስ ምዕራፍ ስለሚጨመርበት የድሮው ሰፈር እየፈረሰ ሌላ ይሆናል። አዲስ አበባ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቨርጂኒያ ከምትኖረው እህቴ ልጆች ነው። ታላቁ 36 ዓመቱ ነው፤ ጨዋታውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005፣ ገና ተማሪ ሳለ ነው። ታናሹ 22 ነው፤ በ2013፣ በአሥር ዓመቱ ያስተማረው ይኸው ወንድሙ ነው። ታላቁ ለሥራ ሌላ ስቴት ከሄደ በኋላ የሚገናኙት እዚያው ጨዋታ ውስጥ ሆነ። ስልክ መደወል እንደሆነ ሁለቱም አይሆንላቸውም። ታላቁ ከፊት ቆሞ ዱላውን የሚቀበል፣ ታናሹ ከኋላ ሆኖ ቁስሉን የሚያክም ነበር። ነርስ ነኝና ወሬው የሳበኝ እዚህ ላይ ነው።

የመለያየቱ ምክንያት ናፍቆት ነው። ድሮ የጀመሩ ተጫዋቾች “የመጀመሪያውን መልሱልን” ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። በ2013 ከጨዋታው ኃላፊዎች አንዱ ጄ. አለን ብራክ በአደባባይ ሲጠየቅ፣ የምትፈልጉት ይመስላችኋል እንጂ አትፈልጉትም የሚል መልስ ሰጠ። በጎ ፈቃደኞች ያለ ፈቃድ ኖስታልሪየስ የሚባል የድሮውን ጨዋታ ቅጂ ከፈቱ፤ ኩባንያው በሕግ ስላስጠነቀቀ በ2016 ተዘጋ። ከ200,000 በላይ ሰዎች የተቃውሞ ፊርማ አሰባሰቡ። በ2017 ያው ብራክ መድረክ ላይ ወጥቶ የድሮው እንደሚመለስ አስታወቀ፤ በ2019 “ክላሲክ” ተብሎ ተከፈተ።

ታላቁ በዚያው ሄደ። ታናሹ አዲሱ ላይ ቀረ። አንዱ ወርኃዊ ክፍያ ሁለቱንም ይከፍታል፤ ዓለሞቹ ግን አይገናኙም። መልእክት መጻጻፍ ይቻላል፤ ጎን ለጎን መቆም አይቻልም። የአንዱ ሐኪም የሌላውን ቁስለኛ አያክምም ማለት ነው።

ልዩነቱ የሥዕል ጥራት ብቻ መስሎኝ ነበር የጠየቅኋቸው። በአዲሱ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ማሽኑ ራሱ ጓደኛ አፈላልጎ ወደ ዘመቻው ያደርሳል። በድሮው ሰው በስም እየተጠራ ይለመናል፣ በእግር ይኬዳል፣ የቀረ ሰው ይጠበቃል። “ሰዓት ማባከን ነው” ይላል ታናሹ። “ጨዋታው እሱ ነው” ይላል ታላቁ። እኔ በዚህ ከታላቁ ጋር ነኝ። ሌሊት ተረኛ ሆኖ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ባልደረባን የምናውቀው ሥራ በበዛበት ሰዓት ሳይሆን ቁጭ ብለን ስንጠባበቅ ነው። ታላቁ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አፍጥጦ ጠዋት ሥራ መግባቱን ግን አልደግፍለትም።

የድሮው ወገንም አንድ ሆኖ አልቆየም። የመጀመሪያው ጨዋታ ትልልቅ ዘመቻዎች 40 ሰው ይይዛሉ። በ2021 ቀጣዩ ምዕራፍ በርኒንግ ክሩሴድ በተራው ሲመለስ፣ ትልቁ ዘመቻ የሚይዘው 25 ሰው ነው። 40 ሆኖ ለሁለት ዓመት አብሮ የከረመ ቡድን 15 ሰው ምን ያድርግ? ገሚሱ ተሻገረ፣ ገሚሱ “እኛ እዚሁ እንሆናለን” አለ፤ የቀሩት ደግሞ 40 አይሞሉም። ዕቁብ ሲፈርስ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ባይወጣም የወጡት ይበቃሉ። ታላቁ ከቀሩት ነው። ከዚያ ወዲህ ተጨማሪ ክፍሎች ተከፍተዋል፤ ገፀ ባሕርይው አንዴ ከሞተ ሞቶ የሚቀርበት ሁሉ አለ። በየክፍሉ የሚናፍቅ አለ፣ በየክፍሉም ሰው ጎደለ ይላሉ።

እህቴ ነገሩን የወጣትና የጎልማሳ ጠብ አድርጋ ነበር የያዘችው። በ2025 ግን ሚስትስ ኦቭ ፓንዳሪያ የተባለው፣ መጀመሪያ በ2012 የወጣው ምዕራፍ በክላሲክ በኩል ተመልሶ ተከፈተ። ታናሹ አዲሱን ትቶ እዚያ ገባ። በአሥር ዓመቱ ከወንድሙ ጋር የጀመረው እሱን ነበርና የእሱ “ድሮ” ያ ነው። ለታላቁ ያ ዘመን ጨዋታው የተበላሸበት ነው፤ ለታናሹ ወንድሙ አጠገቡ ተቀምጦ ያስተማረበት ነው። ይህን ለታላቁ የነገረችው እናቱ ናት፤ ታናሹ አፍ አውጥቶ አልተናገረም።

በቅርቡ እንደሰማሁት ታላቁ በታናሹ ዓለም አንድ ገፀ ባሕርይ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሯል። ጣሪያው 90 ነው፤ እሱ 23 ደርሷል። እሑድ ማታ ማታ ይገባል፤ “ከገባ ጀምሮ ሲያማርር ነው የሚያመሸው” ትላለች እህቴ።