ሙቀት፣ ቅባትና ዕረፍት፦ ከሐይቅ ዳር ስፓ ጋር ትውውቅ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ቢሾፍቱ የሐይቆች ከተማ ናት። ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ አረንጓዴና በከተማዋ ስም የሚጠራው ቢሾፍቱ ሐይቅ በአጭር ርቀት ተቀራርበው ይገኛሉ። አብዛኞቹ የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው፤ ከምድር ሆድ የወጣ የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የቆፈረው ጉድጓድ በጊዜ ብዛት ውሃ ሞላ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በ500 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል አየሯ ሞቅ ይላል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት የወጣ ሰው ቡናው ሳያመልጠው ሐይቁ ዳር ይደርሳል።

በእነዚህ ሐይቆች ዳርቻ ከተሠሩት መዝናኛዎች መካከል ስሙ አስቀድሞ የሚነሣው ኩሪፍቱ ሪዞርትና ስፓ ነው። መሥራቹ አቶ ታዲዎስ ጌታቸው በለጠ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በፀጉርና በውበት ሥራ የተሰማሩ ሰው ነበሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሙያውንም ይዘው መጡ፤ ለአዲስ አበባው የቦሌ መንገድ ስፓቸው የሰጡትም የዚያችኑ ከተማ ስም ነው። በኩሪፍቱ ሐይቅ ዳር ደግሞ አዳር፣ ምግብ፣ መዋኛና ስፓ በአንድ ግቢ ተገናኙ። ዛሬ የኩሪፍቱ ስም በባሕር ዳርም በእንጦጦም ይታወቃል፤ ሐይቅ ዳር ሄዶ መታሸትና በእንፋሎት መታጠንም ለሙሽሮች፣ ለጋብቻ በዓል አክባሪዎችና ከውጭ ለሚመጡ ዘመዶች የተለመደ ግብዣ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ስፓ ማለት ገንዘብ የተረፈው ሰው የሚንደላቀቅበት ቤት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ቅንጦት እንዳለበት አይካድም። ያማረው ክፍል፣ ነጩ ፎጣና የሐይቁ እይታ ዋጋ አላቸው። ሰውነትን የሚያሳርፈው ግን የአሠራሩ ቅደም ተከተልና የባለሙያው እጅ ነው። ይህን የተረዳ እንግዳ የከፈለበትን በሙሉ ያገኛል፤ ወደ ሪዞርት ለመሄድ አቅሙ የማይፈቅድለትም ቢሆን ከቤቱ ሳይርቅ ብዙውን ጥቅም ማግኘት ይችላል።

ደኅና ስፓ ሥራውን የሚጀምረው በጥያቄ ነው። የደም ግፊት አለብዎት? እርጉዝ ነዎት? በቅርቡ ቀዶ ሕክምና አድርገዋል? የሚያስቆጣዎት ዘይት ወይም ሽታ አለ? አንዳንዱ የማሳጅ ዘይት ከለውዝ ስለሚጨመቅ የመጨረሻው ጥያቄ ዋዛ አይደለም። ከዚያ ልብስዎን በቁም ሳጥን ቆልፈው ጋዋንና ነጠላ ጫማ ይቀበላሉ፤ ገላዎን ይለቃለቃሉ። መታጠቡ ለንጽሕና ነው፤ በሙቀቱ ክፍል የሚቀመጡት ከሌሎች ሰዎች ጋር ነውና።

ቀጥሎ ሙቀቱ ይመጣል። ሁለት ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይቀላቅላቸዋል። ሳውና ደረቅ ሙቀት ነው። በእንጨት የተለበጠ ክፍል ውስጥ በምድጃ ላይ የተከመሩ ድንጋዮች ይግላሉ፤ አየሩ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሰው ይህን የሚችለው አየሩ ደረቅ ስለሆነና ላቡ ቶሎ ስለሚተን ነው። የሳውና አገር ፊንላንድ ነች፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2020 የፊንላንድን የሳውና ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስፍሮታል። ስቲም ደግሞ እርጥብ ሙቀት ነው። ግድግዳው በሴራሚክ ይለበጣል፣ ክፍሉ በእንፋሎት ይሞላል፣ ሙቀቱ ግን ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ በውሃ ስለተሞላ ላብ መትነን አይችልም፤ ስለዚህ በግማሽ ያህል ሙቀት ሰውነት ያንኑ ያህል ይግላል።

በዚህ ጊዜ በሰውነት ውስጥ ብዙ ሥራ ይሠራል። ከቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ደም ወደ ውጭ ይጎርፋል፣ ልብ በፍጥነት በመሄድ ላይ እንዳለ ሰው ልብ ትመታለች። በአንድ የሳውና ቆይታ ግማሽ ሊትር ያህል ላብ ሊወጣ ይችላል። በምሥራቅ ፊንላንድ 2,315 ጎልማሳ ወንዶችን ለ20 ዓመት ያህል የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ በሳምንት ከ4 እስከ 7 ጊዜ ሳውና ከሚገቡት መካከል በድንገተኛ የልብ ሕመም የሞቱት አንድ ጊዜ ብቻ ከሚገቡት ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ሳውና ብቻውን ልብን ያድናል ለማለት አያበቃም፤ አዘውትሮ ሳውና የሚገባ ሰው በሌላም በኩል ጤነኛ ሊሆን ይችላልና። ቢሆንም ለጤነኛ ሰው ሙቀት ጉዳት ሳይሆን ወዳጅ መሆኑን ያመለክታል።

ቆዳ በእንፋሎት ከራሰ በኋላ የፍተጋው ተራ ነው። በአዲስ አበባና በሪዞርቶቹ ሞሮኮ ባዝ የሚባለው አገልግሎት የሰሜን አፍሪካ የሐማም ባህል ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሴቶች ሳሎኖችም በእጅጉ የተለመደ ነው። ከወይራ ዘይት የሚሠራ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ጥቁር ሳሙና ገላን ይቀባል፤ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ባለሙያዋ ሻካራ ጓንት አጥልቃ ከእግር እስከ ትከሻ ትፈትጋለች፤ የሞተው የላይኛው ቆዳ እየተጠቀለለ ሲረግፍ በዓይን ይታያል። በመጨረሻ ከአትላስ ተራሮች አካባቢ የሚወጣ ጋሱል የተባለ ሸክላ ይቀባና በለብታ ውሃ ይታጠባል። ሳምንት ሳይሞላ መድገም ግን ቆዳን ያሳሳል፤ ፀጉሩን በቅርቡ የተላጨ ወይም ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ ቢቆይ ይሻለዋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ማሳጅ የስፓው ዋና ሥራ ነው። ስዊድን ማሳጅ የሚባለውን አሠራር በሥርዓት ያስቀመጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የኔዘርላንድስ ሐኪም ዮሐን ጆርጅ ሜዝገር ነው። አሠራሩ ጥቂት መሠረታዊ የእጅ እንቅስቃሴዎች አሉት። በመጀመሪያ በዘይት የራሰ መዳፍ ሰውነትን በረጅሙ ይዳብሳል፤ ጡንቻው እጁን ይለምዳል። ቀጥሎ ባለሙያዋ ጡንቻውን ሊጥ እንደሚያሽ ሰው ትጨምቀዋለች፣ ታነሳዋለች፣ ትለቀዋለች። የተቋጠረ ቦታ ስታገኝ በአውራ ጣቷ ጫና አድርጋ በክብ ትፈትገዋለች። አንዳንዴ በመዳፏ ጎን ቀለል አድርጋ ትደበድባለች። እጁ በእግርና በክንድ ላይ ሲሄድ ጫናው ወደ ልብ አቅጣጫ ይሆናል፤ ይህ ደም የሚመለስበት መንገድ ነው። የጋለ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በጀርባ ላይ የሚደረደርበት አሠራርም አለ፤ ድንጋዩ ሙቀቱን ረጅም ጊዜ ስለሚይዝ ጡንቻው ሳይጫኑት ይላላል።

ማሳጅ የሚያደርገውንና የማያደርገውን መለየት ጥሩ ነው። የጡንቻ ውጥረትን ያቀልላል፣ ጭንቀትን ያበርዳል፣ እንቅልፍ ያመጣል። በብዙ ማስታወቂያ ላይ እንደሚነገረው ግን ከሰውነት መርዝ አያጥብም፤ ያ የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው። ውፍረትም አይቀንስም፤ ከሳውና ሲወጡ በሚዛን ላይ የጎደለው ኪሎ ውሃ ነው፣ ሲጠጡ ይመለሳል። በሐቅ ላይ የቆመ ስፓ ይህን አይደብቅም፤ ዕረፍቱ ራሱ በቂ ስጦታ ነውና።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። ወጌሻ ከጥንት ጀምሮ የወለቀ ሲመልስና የተሸማቀቀ ጅማት በቅቤ ሲያሽ ኖሯል። በጎንደር በፋሲል ግቢ ውስጥ ከነገሥታቱ ዘመን የቀረ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ይታያል። አዲስ አበባም የፍል ውሃ ልጅ ነች፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውሃው አካባቢ መስፈርን ስለወደዱ፣ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ በዚያው ተመሠረተች። የዝናብ ውሃ በስምጥ ሸለቆው ስንጥቆች ወደ ጥልቁ ይሰርጋል፣ በጋለ ዐለት ይሞቃል፣ በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት፣ አምቦና ከባሕር ዳር ወዲያ ያለው ዋንዛዬ በፍል ውሃቸው የታወቁ ናቸው። ምእመናን ብዙዎቹን ምንጮች እንደ ጸበል ያከብሯቸዋል። በአዲስ አበባ ፍል ውሃ አንድ ክፍል ይዞ በተፈጥሮ ሙቅ ውሃ መታጠብ ዛሬም ለብዙ ቤተሰብ የሳምንት ልማድ ነው፤ ለሪዞርት የሚከፈለውንም አይጠይቅም።

ወይባ የሚባለውን የሴቶች የጭስ መታጠን ደግሞ ለብቻው ማንሣት ይገባል። በትግራይ፣ በወሎና በአፋር በኩል ሙሽራ ከሠርጓ በፊት፣ አራስ ከወለደች በኋላ ገላዋን ተቀብታ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ተጠቅልላ አንገቷን ብቻ አውጥታ፣ በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ በሚጨስ መዓዛማ እንጨት ትታጠናለች። በጎረቤት ሱዳንም ዱኻን የሚባል ተመሳሳይ ባህል አለ። ቆዳዋ ወርቅማ መልክ ይይዛል፤ ሽታው ለቀናት አይለቅም። ወይባ አሁን በአዲስ አበባ ስፓዎች የዋጋ ዝርዝር ላይ ከሞሮኮ ባዝ ጎን ተጽፎ ይገኛል። ትልቁ ጥንቃቄ አየር ነው፦ ፍም ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስለሚያወጣ ክፍሉ መስኮት ያለውና የተናፈሰ መሆን አለበት።

ሌሎቹ ጥንቃቄዎች ለማስታወስ ቀላል ናቸው። ነፍሰ ጡር፣ በቅርቡ የልብ ሕመም ያጋጠመው፣ ግፊቱ በመድኃኒት ያልተገታ፣ ትኩሳት ያለበት ወይም መጠጥ የቀመሰ ሰው ወደ ሳውናና ስቲም አይግባ። የደም መርጋት ያለበት እግር አይታሽ። በሙቀቱ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ራስ ሲዞር ወዲያው መውጣት ነው። ከመግባትዎ በፊትና ከወጡ በኋላ ውሃ ይጠጡ። ጠግበው አይግቡ፤ ከጾም መፍቻ በፊት ደርቀውም አይግቡ። ከማሳጁ በኋላ ደግሞ ወዲያው ተነስቶ መኪና መንዳት ሥራውን ያበላሻል። ጥሩ ስፓዎች በዝንጅብል ሻይ የሚጠብቅ የማረፊያ ክፍል ያላቸው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ስለ ባለሙያዎቹ። አንዲት የማሳጅ ባለሙያ ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ፣ በአውራ ጣቷና በትከሻዋ የሌላውን ሰው ድካም ስታወጣ ትውላለች። የጡንቻንና የጅማትን አቀማመጥ ተምራ፣ የጫናውን ልክ በልምድ አውቃ የምትሠራው ሥራ ነው። ማሳጅ የሚለው ስም በአንዳንድ ቤቶች ምክንያት በመጥፎ መነሣቱ እነዚህን ጨዋ ሠራተኞች አላግባብ ይጎዳል፤ ከአንዳንድ ደንበኛ የሚሰሙት ነውረኛ ቃልም ከድካማቸው በላይ ይከብዳቸዋል። ሙያቸው እንደ ነርስ ሙያ ክብር ይገባዋል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን ወደ ቢሾፍቱም ይውረዱ፣ ሰፈርዎ ወዳለው ፍል ውሃም ይሂዱ፣ ሰውነትዎን ማሳረፍን እንደ ትርፍ ነገር አይቁጠሩት። ስላለብዎት ሕመም ሳያፍሩ ይናገሩ፤ እጅ ሲከብድብዎ "ቀለል አድርጊው" ይበሉ፤ ስልክዎን በቁም ሳጥኑ ይተዉት። ሲወጡም ያገለገለችዎትን ባለሙያ በስሟ ጠርተው ያመስግኗት፤ ጉርሻዋንም በእጇ ይስጧት።