የእጅ ሙያና የባሕር ማዶ ገበያ
ከኮልፌ ቀራንዮ የተነሣ ዳሰሳ

ምርቱን ወደ ባሕር ማዶ የሚልክ ድርጅት ለአገሩ ገበያ ብቻ ከሚሠራው ይልቅ ምርታማ ሆኖ መገኘቱ በብዙ አገር የታወቀ ቢሆንም፣ ምክንያቱ ግን የምጣኔ ሀብት ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2003 ማርክ ሜሊትዝ በቀመር ያጸናው ሐሳብ፣ የውጭ ገበያን የመግቢያ ወጪ የሚችለው አስቀድሞ የበረታ ድርጅት ነው ይላል፤ ሌሎች ግን ድርጅቱ የሚበረታው የባዕድ ገዢ የሚሻውን ጥራትና ቀጠሮ ለመፈጸም ሲደክም ነው ይላሉ። አርነ ቢግስተንና ሙሉ ገብረኢየሱስ የኢትዮጵያን ፋብሪካዎች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ለሁለቱም ወገን ምስክር አግኝተዋል።

ይሁን እንጂ ገበያ የሚያስተምረው አስቀድሞ ሙያ ያለውን ነው። የአዲስ አበባ ጫማ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አርመናውያን ካቋቋሟቸው ፋብሪካዎች ሲጀምር፣ በዚያ የሠለጠኑት ወጥተው የየራሳቸውን ቤት ከፈቱ፤ እነርሱም በተራቸው ደቀ መዛሙርት እያፈሩ መርካቶን የጫማ ሠሪ መንደር አደረጉት። ትምህርቱ በመጽሐፍ ሳይሆን ከባለሙያው ጎን ተቀምጦ፣ እጁን እያዩ የሚቀስሙት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ግድም የቻይና ጫማ ገበያውን ባጥለቀለቀው ጊዜም የተረፉት ጥራታቸውንና ቅርጻቸውን ያሻሻሉት ናቸው። ሙሉ ገብረኢየሱስና ፒየር ሞኔን ይህንኑ መንደር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳመለከቱት፣ አዲስ ብልሃት የሚያፈልቀው ከአቅራቢና ከደንበኛ ጋር የጠበቀ ግንኙነት ያለውና የሰማውን በሥራ የመተርጐም ችሎታ ያካበተው ነው።

የዚህ ነገር ግሩም አብነት በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአለርት ሆስፒታል አካባቢ፣ በዘነበ ወርቅ ይገኛል። የሰፈሩ ተወላጅ ቤተልሔም ጥላሁን ሙያ እያላቸው ሥራ ያጡ ጎረቤቶቿን ተመልክታ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሶልሬብልስ የተባለ የጫማ ድርጅት አቋቋመች። መነሻዋም ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚቈረጠው በረባሶ ሲሆን፣ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጥጥ ታክሎበት ጫማው በኢንተርኔት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮጳ ተሸጠ፤ በውጭ አገርም መደብሮች ተከፈቱለት። የጥንቱ በረባሶ ሠሪ የገዢውን እግር ጎማው ላይ አስረግጦ ልኩን ያወጣ ነበር፤ አይቶት ለማያውቀው ደንበኛ የሚልክ ግን በቁጥር የተለካ ፎርማ፣ ግራና ቀኙ የማይበላለጥ ሶል፣ ሺህ ጊዜ ቢደገም የማይለዋወጥ ስፌት ያስፈልገዋል። ፈጠራው እንግዲህ የአባቶችን ሙያ መሻር ሳይሆን በልክና በሥርዓት ማጽናት ነው።

ከዚህም ሌላ የምርታማነት መለኪያው ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። በእጅ የተሠራ ጫማ በቀን በሚወጣው ጥንድ ብዛት ቢመዘን ከመኪና ሥራ ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ በተጨመረው ዋጋ ቢመዘን ግን ፍርዱ ሊገለበጥ ይችላል።

የጫማ ሠሪው የእጅ ሙያ ብቻውን የማይፈታው ችግር መኖሩም አይካድም፤ አንዱ የጥሬ ዕቃው ጥራትና አቅርቦት ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ለጓንት ተፈላጊ ቢሆንም፣ እከክ ያበላሸውን ወይም የአራጅ ቢላ የሸረከተውን የትኛውም ፋብሪካ እንዳልተጎዳ አያደርገውም፤ አቅርቦቱም በበዓላት ተትረፍርፎ በዐቢይ ጾም ስለሚያንስ፣ የውጭ ገዢ ቀጠሮ ያስጨንቃል። ስለዚህ የወጪ ንግድን ለማበረታታት የሚያስብ መንግሥት ዓይኑን በፋብሪካው መኪና ላይ ብቻ ሳይተክል፣ በጡጫ መግፈፍን ለሚያውቀው አራጅና ሌጦውን በጊዜው በጨው ለሚያሸው ነጋዴም የዕውቀቱን ዋጋ ቢከፍል፣ ጥራቱ ከምንጩ ይጀምራል።