የድንጋይ ከሰል ምርትና የሸለቆ ውሃ፦ ቅራኔውና መፍትሔው

የሰው ልጅ የእድገት ጉዞ ተፈጥሮን ለኑሮው ለማዋል ካደረገው ትግል የማይነጠል ነው። ይሁን እንጂ አንዱን ሀብት ለማውጣት ሲል ሌላውን የሚያጠፋ ኅብረተሰብ አመረተ አይባልም። የድንጋይ ከሰል ቁፋሮና የሸለቆ ውሃ ጉዳይ መመርመር ያለበት ከዚህ መሠረታዊ አመለካከት በመነሣት ነው።

ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው የጮቄ ተራራ ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋና ሱሃ ይመነጫሉ። ጨሞጋ በደብረ ማርቆስ አጠገብ ያልፋል፤ ሁሉም የመጨረሻ መድረሻቸው ዓባይ ነው። የክረምቱ ዝናም በእሳተ ገሞራው ድንጋይ ስንጥቅ ሰርጎ ይከማችና በበጋ በሸለቆው ጠርዝ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ተራራው ራሱ የውሃ ጎተራ ነው። የጎጃም ገበሬ ይህን ያውቃል፤ የመስኖ ተራ የሚያከፋፍለውን ሰው «የውሃ አባት» ብሎ መሰየሙም ለውሃ የሰጠውን ክብር ያሳያል።

የድንጋይ ከሰልም የሚናቅ ሀብት አይደለም። ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች እሳት የሚሆነው ከሰል ለብዙ ዓመታት በውጭ ምንዛሪ ሲገዛ ቆይቷል። በአማራ ክልል ከሰል መኖሩ ከታወቀባቸው ቦታዎች ጭልጋና የሙሽ ሸለቆ ይጠቀሳሉ። በጭልጋ የከሰሉ ንብርብር ከእሳተ ገሞራ አመድና ከሸክላ አፈር ጋር እየተፈራረቀ በጓንግ ወንዝ ዳርቻ በግልጽ ይታያል፤ ከሰሉና ወንዙ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው። በጎጃም በኩል ደግሞ በደጀን አቅጣጫ ባለው የዓባይ በረሃ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም አለ። ማዕድኑ ቢለያይም ተዳፋቱና የክረምቱ ጎርፍ አንድ ዓይነት ነው።

ታዲያ ጉዳቱ የሚደርሰው እንዴት ነው? አንደኛ፣ ከከሰሉ በላይ ያለው አፈርና ድንጋይ ተገፎ በተዳፋት ላይ ሲቆለል ጎርፍ ጠርጎ ወደ ወንዙ ያወርደዋል። ሁለተኛ፣ ጉድጓዱ የውሃውን መተላለፊያ ከቆረጠው ከበታች ያለው ምንጭ ይነጥፋል። ሦስተኛ፣ ከሰሉ የብረትና የድኝ ውሁድ የያዘ ከሆነ ይህ ውሁድ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ያመነጫል። አሲዱም ከዓለቱ ውስጥ ብረትንና ሌሎች ማዕድናትን እያሟሟ ውሃውን ይበክላል። ይህ ብክለት ቁፋሮው ካበቃ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሊቀጥል ይችላል።

የዓለም ታሪክ መራራ ትምህርት ይሰጠናል። በዌልስ አበርቫን በምትባል መንደር የቁፋሮው ትራፊ በምንጭ ላይ ተከምሮ ነበር። ነዋሪዎች ስጋታቸውን አስቀድመው ቢያሰሙም ሰሚ አላገኙም። ጥቅምት 11 ቀን 1959 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ 144 ሰዎችን ገደለ፤ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። የከሰል ማውጫው ባለቤት የመንግሥት ድርጅት ነበር። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ በቡፋሎ ክሪክ የከሰል ዝቃጭ የታቆረበት ግድብ ፈርሶ 125 ሰዎች ሞቱ። ባለቤቱ የግል ኩባንያ ሲሆን አደጋውን «የእግዜር ሥራ» አለው። በምሥራቅ ጀርመን ላውዚትስም ለአሥርተ ዓመታት ለክፍት ጉድጓዶች ሲባል የከርሰ ምድር ውሃ ተመጠጠ። ብዙዎቹ ጉድጓዶች ተዘግተው ውሃው ሲመለስ ብረት ይዞ መጣና የሽፕሬ ወንዝን አደፈረሰው።

ከዚህ የምንረዳው ንብረቱ የግልም ሆነ የመንግሥት፣ ከበታች የሚኖረው ሕዝብ ካልተቆጣጠረው ዋስትና እንደሌለ ነው።

በሀገራችን ሕጉ አልጠፋም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለመጠጥና ለቤት አገልግሎት የሚውል ውሃ ቅድሚያ እንዲኖረው ይደነግጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ሕዝቡ በጥናቱ ላይ አስተያየት እንዲሰጥ መብት ይሰጣል። ዋናው ጥያቄ በወረቀት ላይ ያለው መብት በተግባር የሚተረጎመው በማን ነው የሚለው ነው። መልሱ ግልጽ ነው፤ በነቃና በተደራጀ ሕዝብ ነው።

በመሆኑም የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች መጠየቅ ያለባቸው ተጨባጭ ነገሮች አሉ። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የምንጮቹ ብዛት፣ መጠንና ጥራት ተለክቶ ይመዝገብ። ለም አፈሩ ለብቻው ተጠብቆ ጉድጓዱ ሲደፈን ይመለስ። የጎርፍ መቀልበሻ ቦይና የዝቃጭ ማጥለያ ኩሬ አስቀድሞ ይሠራ። አሲድ የታየበት ውሃ በኖራ ሳይታከም አይለቀቅ። መሬቱን መልሶ ለማልማት የሚያስፈልገው ገንዘብም የመጀመሪያው ከሰል ሳይጫን በፊት በዋስትና ይቀመጥ። ከበታች ያሉ ነዋሪዎች ውሃውን በየጊዜው አስመርምረው ውጤቱን በስብሰባቸው ይወያዩበት።

ይህ ምርትን መቃወም አይደለም። ከሰል የሚቆፍረው ሠራተኛ ራሱ፣ ቤተሰቡም ጭምር፣ የሚጠጡት ከዚያው ሸለቆ ነው። ከሰል ቢያልቅ በሌላ ነዳጅ ይተካል፤ ለነጠፈ ምንጭ ግን ምትክ አይገኝለትም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው ለእሳት ብቻ አይደለም። ውሃውም ሳይደፈርስ፣ ዛሬውኑ፣ በተባበረ ክንድ ይጠበቅ!