ቁጥር 160

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 ለአንድ የቴል አቪቭ ሰዓት ሠሪ ስልክ ተደወለለት። የደወለችው ጠበቃ ነበረች፤ የደንበኛዋን አሮጌ ሰዓቶች አይቶ ዋጋቸውን እንዲገምት ፈለገች። ሰዓት ሠሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ብርቁ አይደለም። የአያቱን ሰዓት በመሐረብ ጠቅልሎ የማይመጣ የለም፤ አብዛኛው ደግሞ ከትዝታ በላይ አያወጣም። እነዚህን ባየ ጊዜ ግን ሰውየው ግምቱን ተወው። ከፊቱ የተደረደሩት ፖሊስ ለሃያ ሦስት ዓመታት ሲፈልጋቸው የኖሩ ሰዓቶች ነበሩ።

ነገሩ የተጀመረው በ1783 ፓሪስ ውስጥ ነው። የንግሥት ማሪ አንቷኔት የክብር ዘብ መኮንን እንደነበረ የሚነገርለት፣ ስሙ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው ሰዓት ሠሪውን አብርሃም ሉዊ ብሬጌን ለንግሥቲቱ የሚሆን አንድ ሰዓት እንዲሠራ አዘዘው። በዘመኑ የታወቀው የሰዓት ጥበብ ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይግባ፤ በሌላ ብረት ፋንታ በተቻለ መጠን ወርቅ ይሁን፤ የገንዘብም የጊዜም ገደብ የለውም አለ። ለሰዓት ሠሪ ከወርቁ ይልቅ አደገኛው ይህ የመጨረሻው ቃል ነበር።

ሰዓትና ደቂቃ ከማሳየት ያለፈውን ሥራ ሁሉ የሙያው ሰዎች «ኮምፕሊኬሽን» ይሉታል። የአንድ ውድ ሰዓት ዋጋ የሚመዘነውም በአብዛኛው በዚህ ነው። እያንዳንዷ ተጨማሪ ሥራ የራሷን ጥርሶችና ዘንጎች ይዛ፣ የሌሎቹን ሳትነካ፣ ከመዳፍ በምታንስ ቤት ውስጥ መጣበብ አለባት። ብሬጌ 823 ክፍሎችን አጣበበ። ሰዓቱ በኪስ ውስጥ ሲወዛወዝ ራሱን ይሞላል። በጨለማ ሲነኩት ሰዓቱን፣ ሩቡን፣ ደቂቃውን በድምፅ ይቆጥራል። የትኛው ወር ስንት ቀን እንዳለው፣ ፌብሩዋሪ መቼ 29 እንደሚሆን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ቴርሞሜትር እንኳ አለው። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ የፀሐይ ሰዓትና የቆጣሪው ሰዓት በዓመት አራት ቀን ብቻ ይገጥሙና በሌላው ጊዜ እስከ 16 ደቂቃ ይራራቃሉ። ጥላቸውን በእግር እየለኩ ሰዓት ያውቁ የነበሩ አያቶቻችን የሚያውቁት የፀሐይን ብቻ ስለነበር ልዩነቱ አላስጨነቃቸውም። ብሬጌ ግን የሁለቱን ርቀት ዕለት ዕለት የሚናገር አመልካች በዚያው ፊት ላይ አኖረ።

ይህ ሁሉ በአንድ ጀንበር የሚሆን አልነበረም። የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። ብሬጌ ፓሪስን ጥሎ ሸሸ፤ ንግሥቲቱም በ1793 አንገቷን ተቀላች። ብሬጌ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ፣ እሱም በ1823 ሞተ። በመዝገብ ላይ ቁጥር 160 የተባለው ሰዓት ያለቀው በ1827፣ ከታዘዘ ከ44 ዓመት በኋላ ነው። ያዘዘው የለም፣ የታዘዘላት የለችም፣ የጀመረው የለም።

ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ ሰር ዴቪድ ሳሎሞንስ የተባለ እንግሊዛዊ የሰዓት አፍቃሪ ዘንድ ገባ። ልጁ ቬራ ደግሞ በኢየሩሳሌም የእስላማዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አቋቁማ የአባቷን ሰዓቶች ለገሰችው። ሙዚየሙ በ1974 ተከፈተ። ቁጥር 160 ማረፊያ ያገኘ መሰለ።

ኤፕሪል 15 ቀን 1983 የሰንበት ዋዜማ፣ ዓርብ ምሽት ነበር። የማስጠንቀቂያው ደወል ተበላሽቷል፤ ዘበኛው ምንም አልሰማም። አንድ ሰው የአጥሩን ብረት አጣምሞ፣ በገመድ መሰላል ወጥቶ፣ ቀጭን ሰው ብቻ በሚያሾልክ መስኮት ገባ። ሲነጋ 106 ሰዓቶች አልነበሩም።

መርማሪዎች ብዙ ደከሙ። የኢንሹራንሱ ኩባንያ የግል መርማሪ ቀጠረ። ወንበዴዎች ናቸው ተባለ፤ አንድ ሀብታም ሰብሳቢ አስሰርቆ ደብቆታል ተባለ። የሁሉም መንገድ ባዶ ግድግዳ ላይ አበቃ። ሌባው ግን የራሱ ጭንቀት ነበረበት። ተራ የወርቅ ሰዓት ቢሆን በማግሥቱ ይሸጠው ነበር። ቁጥር 160ን ግን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ባለሙያዎች እስከ 30 ሚሊዮን ዶላር የሚገምቱት ዕቃ ለሰረቀው አንድ ሳንቲም አያወጣለትም። ሃያ ዓመት አለፈ፤ ከእስራኤልም ከአውሮፓም ወሬ ጠፋ።

እንግዲህ ስልኩ የተደወለው ከዚህ በኋላ ነው። ሰዓት ሠሪው ወደ ሙዚየሙ መልእክት ላከ። የሥነ ጥበብ ዳይሬክተሯ ራሔል ሃሶን ከአንድ የቦርድ አባል ጋር ወደ ጠበቃዋ ቢሮ ሄደች። ሳጥኖቹ ውስጥ በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለሉ ሰዓቶች ነበሩ። አንዱን ፈቱ፣ ሌላውን ፈቱ። ቁጥር 160 ላይ ሲደርሱ ዳይሬክተሯ እንባዋን መያዝ አልቻለችም። ሙዚየሙ በጥቂት አሥር ሺዎች ዶላር 39 ዕቃዎችን አስመለሰ፤ ከአንድ ዓመት በላይም ዝም አለ። ወሬው በኖቬምበር 2007 ሲወጣ ግን ፖሊስ የጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነበር፦ የጠበቃዋ ደንበኛ ማን ናት?

መልሱ የተገኘው ከአንድ የዕቃ ማከማቻ ቤት ወረቀት ላይ ነው። የአንዲት ሴት ስም ተጽፎበት ነበር። ሎስ አንጀለስ የምትኖረው ይህች ሴት በ2004 የሞተ ሰው ሚስት መሆኗ ሲታወቅ መርማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሟቹ ናአማን ዲለር ነበር፤ በአንድ ወቅት ከባንክ ጀርባ ቦይ ቆፍሮ ካዝና ለመክፈት የሞከረ፣ በእስራኤል ስሙ የታወቀ ሌባ። በ1983ም ተጠርጥሮ ነበር። በስርቆቱ ሌሊት ውጭ አገር እንደነበረ ስለታመነ ግን ተተወ። የወንበዴ ቡድን አልነበረም፣ ሀብታም ሰብሳቢም አልነበረም። አንድ ሰው ብቻውን ነበር፤ ምስጢሩንም ለሚስቱ የነገራት በሞት አልጋው ላይ ነው። ፍለጋው ቀጥሎ በፈረንሳይ የባንክ ካዝናዎች ውስጥ ሌሎች 43 ዕቃዎች ተገኙ።

ሰዓቱ ይመለሳል ብሎ ማንም ባልጠበቀበት በዚያው ዘመን፣ የብሬጌን ኩባንያ ይመራ የነበረው ኒኮላስ ሃየክ ሰዓት ሠሪዎቹን አንድ እብደት የሚመስል ነገር አዝዟቸው ነበር፦ ቁጥር 160ን ሳያዩት እንደገና ሥሩት። በእጃቸው የነበሩት አሮጌ ሥዕሎች፣ መዛግብትና ፎቶዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ጥርስ ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ከሥዕል መገመት፣ ሠርቶ ማየት፣ አልሄድ ሲል አፍርሶ እንደገና መሥራት ነበረባቸው። በኤፕሪል 2008 ቁጥር 1160 የተባለው አዲሱ ሰዓት ለዓለም ታየ። ሳጥኑ የተሠራው በቬርሳይ ከደረቀ አንድ የባሉጥ ዛፍ እንጨት ነው፤ ንግሥቲቱ ከጥላው ሥር ማረፍ ትወድ ነበር ይባላል።

እውነተኛው በ2009 ኢየሩሳሌም ውስጥ ወደ መስታወቱ ተመለሰ። ከ106ቱ 96ቱ ቦታቸውን አገኙ። አሥሩ ግን አልመጡም።