ኔትወርክ ሲጠፋ የሚዘጋው ጌም የማን ነው?

(በሬዲዮ ፕሮግራም ከቀረበ ትምህርት ለመጽሔት የተዘጋጀ)

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንድ አባቶችና እናቶች እንግዳ ሊሆን ይችላል። የምንነጋገረው ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ፕሌይስቴሽን ጌም ነው። «ኢማም ስለ ጌም ምን አገባው?» የሚል ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። ጌም በገንዘብ የሚሸጥና የሚገዛ ነገር ሆኗል። መሸጥና መግዛት ባለበት ደግሞ ሐላልና ሐራም አለ፤ ውልና አማና አለ። በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ፕሌይስቴሽን ቤት ከፍተው የሚተዳደሩ ወጣቶች አሉ። ለልጃቸው ስልክ ወይም ላፕቶፕ የገዙ ወላጆችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የኪሳችን፣ የሰዓታችንና የዲናችን ጉዳይ ነው።

ጥያቄው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ጌም ገዛ። ዲስኩ በእጁ ነው፤ ማሽኑ የራሱ ነው፤ መብራትም አለ። ነገር ግን ኢንተርኔት ስለሌለ ጌሙ አልከፈት አለው። ይህ ሰው በእርግጥ ገዝቷል ወይስ ተከራይቷል?

አሠራሩ እንዴት ነው?

በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ነገሩ ቀላል ነበር። ዲስኩ ይገባል፤ ጌሙ ይከፈታል፤ በቃ። የሠራው ኩባንያ ቢከስር እንኳ ዲስኩ እስካልተጫረ ድረስ ይሠራል። ኢንተርኔት እየተስፋፋ ሲሄድ ግን ኩባንያዎቹ በጌሙና በገዢው መካከል ሌላ በር አቆሙ። ይህ በር በሦስት መልኩ ይገኛል።

አንደኛው፣ ጌሙ ሲጫን አንድ ጊዜ ብቻ በኢንተርኔት ፈቃድ ጠይቆ ከዚያ በኋላ ዝም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በየተወሰነ ቀኑ ወይም ሰዓቱ «ይህ ሰው በእርግጥ ገዝቷልን?» እያለ የኩባንያውን ሰርቨር፣ ማለትም ሩቅ አገር የተቀመጠውን ዋና ኮምፒዩተር የሚጠይቅ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግንኙነቱ እንዳይቋረጥ የሚፈልግ ነው። መስመሩ ለአፍታ ከተቋረጠ ጨዋታው ይቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ሩቅ ካለ ሰው ጋር ለመጋጠም ኔትወርክ ማስፈለጉ ግልጽ ነው፤ ያለ ኔትወርክ ስልክ አይደወልምና። በስልክ የሚጫወቷቸው እንደ ፐብጂ ሞባይልና ፍሪ ፋየር ያሉት ከመነሻቸው የተሠሩት ለዚህ ነው። ቅሬታው የሚነሳው አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ብቻውን የሚጫወተው ጌም ኔትወርክ ካላገኘሁ አልከፈትም ሲል ነው።

ኩባንያዎቹም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ብዙ ገንዘብ አውጥተው የሠሩት ጌም ክራክ እየተደረገ በነጻ ይባዛባቸዋል። በኦንላይን ግጥሚያ የሚያጭበረብሩም አሉ። ፍትሕን የሚወድ ሰው የሁለቱንም ወገን ይሰማል።

በውጭው ዓለም የሆነው

እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ኢኤ የተባለው ኩባንያ «ሲምሲቲ» የተሰኘ ከተማ የመገንባት ጌም ሸጠ። ጌሙን ያለ ኢንተርኔት መክፈት አይቻልም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰርቨሮቹ የሰዉን ብዛት መሸከም ስላቃታቸው ገንዘብ የከፈለ ሰው ተሰልፎ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አላገኘም። ኩባንያው ለገዢዎች ካሳ ይሆን ዘንድ ሌላ ጌም በነጻ ሰጠ። ስሌቱ በሰርቨር ስለሚሠራ ያለ ኢንተርኔት ማጫወት ቀላል አይደለም ሲል ቆይቶም፣ ከዓመት በኋላ በማርች 2014 ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን መንገድ ጨመረ።

በዚያው በ2013 ማይክሮሶፍት «ኤክስቦክስ ዋን» የተባለውን ማሽን ሲያስተዋውቅ፣ ማሽኑ ቢያንስ በየ24 ሰዓቱ አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ካላገኘ ጌም እንደማያጫውት ገለጸ። ተቃውሞው በረታና በጁን ወር ውሳኔውን ሰረዘ።

ከሁሉም የሚያስተምረው ግን «ዘ ክሩ» የተባለው የመኪና ውድድር ጌም ነው። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በዲሴምበር 2014 ገበያ ላይ አዋለው። ለብቻ መጫወት የሚቻልበት ክፍል ቢኖረውም ሁልጊዜ ኢንተርኔት ይፈልግ ነበር። ኩባንያው ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ዘጋ። ያን ዕለት ጌሙ ከገዢዎች ሁሉ እጅ ወጣ። ዲስኩ መደርደሪያ ላይ ቢኖርም የሚከፍተው በር የለም። በዚህ የተቆጡ ሰዎች «ጌሞችን መግደል ይቁም» የሚል ንቅናቄ አስነሱ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ተሰበሰበ። ያው ኩባንያ ለተከታዩ «ዘ ክሩ 2» በ2025 ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን መንገድ አዘጋጀ። ስለዚህ ሲፈለግ የሚቻል ነገር መሆኑ ታይቷል።

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ደግሞ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሕግ አለ። በኢንተርኔት ጌም፣ ፊልም ወይም መጽሐፍ የሚሸጥ ነጋዴ «ግዛ» የሚለውን ቃል ከተጠቀመ፣ ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ እንዲነግረው ሕጉ ያስገድዳል። ገዢው አውርዶ ለዘለቄታው ያለ ኢንተርኔት ሊጠቀምበት የሚችለውን ዕቃ ግን ሕጉ ከዚህ ግዴታ ነጻ አድርጎታል። ሕግ አውጪዎቹ በእጅ የገባንና በሰው ፈቃድ የሚከፈትን ነገር ለይተው አይተዋል ማለት ነው።

በእኛ አገር ሲሆን

ኢንተርኔት በማይቋረጥበት አገር ይህ ጉዳይ የክርክር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን በተግባር የታየ ነው። በ2008 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ከተሰረዘ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላም ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋረጠ። በክልላችን ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በእነዚያ ወራት ሕዝባችን ካሳለፈው መከራ ጋር ሲነጻጸር የጌም መዘጋት ኢምንት ነው። ነገር ግን ፕሌይስቴሽን ቤቱ የዕለት ጉርሱ ለሆነ ወጣት ኢምንት አይደለም። ዲስኩ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ያለቀ ጌም የያዘ ሰው መብራት እስካለ ድረስ ይሠራል። በየጊዜው ፈቃድ የሚጠይቅ ጌም የያዘ ሰው ግን ገንዘቡን የከፈለበት ዕቃ በር ላይ ቆሞ ይቀርበታል።

በሸሪዓ ሚዛን

የፊቅህ ሊቃውንት ሁለት ውሎችን ለይተው አስቀምጠዋል። አንዱ «በይዕ» ነው፤ ይኸውም በዋጋ ልዋጭ ንብረቱን ለዘለቄታው ወደ ገዢው ማስተላለፍ ነው። ሁለተኛው «ኢጃራ» ነው፤ ይኸውም የታወቀን ጥቅም ለታወቀ ጊዜ በታወቀ ዋጋ ማከራየት ነው። ሁለቱም ሐላል ናቸው። ጥፋት የሚመጣው አንዱ በሌላው ስም ሲሸጥ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚሁ በጎጃም፣ በባሶ ገበያ ሙስሊም ነጋዴዎች ዓባይን እየተሻገሩ ይነግዱ እንደነበር ይታወቃል። አሞሌ ጨው የተቀበለ ነጋዴ አሞሌውን ጭኖ ሲሄድ፣ በየመንገዱ ወደ ሻጩ ተመልሶ «ልጠቀምበት ይፈቀድልኛልን?» አይልም። ሽያጭ ማለት ይህ ነው። አሁን ደግሞ አንድ ሰው ቤት ሸጠልህ እንበል። «ቁልፉ ግን እኔ ዘንድ ይቆያል፤ በገባህ ቁጥር እኔ እከፍትልሃለሁ፤ የሆነ ቀን መክፈት አቆማለሁ፤ ቀኑን ግን አሁን አልነግርህም» ቢልህ ይህን ሽያጭ ብለህ ትቀበለዋለህን? ኪራይ ነው እንዳይባል ጊዜው አይታወቅም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የ«ገረር» ሽያጭን፣ ማለትም ፍጻሜው የማይታወቅ ሽያጭን መከልከላቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። የውሉ መሠረታዊ ነገር ተሸፍኖ ገዢው በጭፍን እንዳይገባበት ነው።

እንደዚሁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከውስጥ እርጥበት ማግኘታቸው በሐዲስ ይታወቃል። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ እንዲያደርገው አመለከቱት፤ ማታለልንም አጥብቀው አወገዙ። እርጥብ እህል መሸጥ እንዳልተከለከለ ልብ በሉ፤ የተከለከለው እርጥቡን መደበቅ ነው። ሁልጊዜ ኢንተርኔት የሚፈልግ ጌም የሚሸጥም ሰው እርጥቡን ከላይ ያድርግ። «ይህ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም» ብሎ በግልጽ ይናገር። በአገራችንም በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል።

«እንግዲያውስ ኮፒ እናድርገው» ማለት ይቻላልን?

ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ክርክር ይህ ነው። «ኩባንያው ራሱ በደለኝ፤ ክራክ የተደረገው ያለ ኢንተርኔት ይሠራልኛል፤ ስለዚህ ከፍላሽ ልገልብጥ» ይላሉ። ወንድሞቼ፣ የሌላው በደል ለእኛ በደል ፈቃድ አይሆንም። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 በኩዌት ባደረገው ጉባኤ የደራሲነትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ መሆናቸውንና መጣስ እንደማይገባ ወስኗል። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች ውስጥ አስገብቶታል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ መጀመሪያ ምእመናን ውላቸውን እንዲሞሉ አዟል። ውሉ ካልተስማማን መብታችን አለመግዛት ነው።

አዛን ሲል

ጨዋታ በመሠረቱ ግዴታን እስካላስተወ፣ ቁማርና ነውር እስካልተቀላቀለበት ድረስ ዑለማ በር አልዘጉበትም። በዚህ መስፈርት ሲታይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ጌም ሁለት ጥቅም አለው።

የመጀመሪያው ለሰላት ነው። ብቻውን ወይም ከጎኑ ካለ ጓደኛው ጋር የሚጫወት ልጅ አዛን ሲሰማ ፓውዝ አድርጎ ይነሳል፤ ሰግዶ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። የኦንላይን ግጥሚያ ግን እንደፈለጉ አቁመው የሚሄዱበት አይደለም። ጥሎ የወጣ እንደተሸነፈ ይቆጠርበታል። የመግሪብ ወቅት ደግሞ አጭር ነው።

ሁለተኛው ለገንዘብ ነው። ከኢንተርኔት ጋር የተያያዙ ብዙ ጌሞች በውስጣቸው ሱቅ አላቸው። በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ ሣጥን ለልጆች ያቀርባሉ። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2018 እንዲህ ያሉ ሣጥኖችን ቁማር ናቸው ብሏል። ሙስሊም ወላጅ ይህን ለማወቅ የቤልጂየምን ውሳኔ መጠበቅ አይኖርበትም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከመክፈላችን በፊት «ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ያገለገለ ማሽንና ጌም ስንገዛ ደግሞ ሻጩ ፊት ኢንተርኔቱን አጥፍተን እንሞክር። በስልክ ከሆነ ኤሮፕሌን ሞድ ማድረግ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ዲስኩ ላይ ጌሙ በሙሉ መኖሩን እናጣራ። ብዙ ዘመናዊ ጌሞች ከ50 ጊጋባይት በላይ ናቸው። ቀሪው በኢንተርኔት የሚወርድ ከሆነ የዳታ ወጪው ከዋጋው ጋር ሊደመር ይገባል።

ሦስተኛ፣ ኔትወርክ ባለበት ጊዜ እንዘጋጅ። በፕሌይስቴሽን 4 ማሽኑን የአካውንቱ ዋና ማሽን አድርጎ መመዝገብ፣ በኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ስቲም በተባለው መሸጫ አስቀድሞ ገብቶ ኦፍላይን ሞድ ማድረግ ብዙ ጌሞችን ያለ ኢንተርኔት ያስከፍታል። ከ2008 ጀምሮ የሚሠራው ጎግ የተባለው መሸጫም ገዢው አውርዶ በራሱ ሃርድ ዲስክ የሚያስቀምጠውን ጌም ይሸጣል።

አራተኛ፣ የምትሸጡና ፕሌይስቴሽን ቤት ያላችሁ ወንድሞች፣ ያልተጠየቃችሁትንም ጉድለት ተናገሩ። የሻጭ በረካ ያለው እውነት በመናገርና ጉድለትን በመግለጽ ውስጥ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል።

በመጨረሻም ይህ ጥያቄ ከጌም ያልፋል። በስልካችን ያለው የቁርኣን አፕሊኬሽን፣ የቂርኣቱ ድምፅና ተፍሲሩ በእርግጥ ስልካችን ላይ ወርዷል ወይስ በየጊዜው ከኔትወርክ ነው የሚመጣው? ዛሬውኑ ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ ክፈቱት። ያልወረደውን አውርዱት። ልጆቻችሁንም በመድረሳ ሒፍዝ አስጀምሯቸው፤ በልብ የተያዘ ቁርኣን መብራትም ኔትወርክም አይጠይቅም።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ገበያችንን እውነተኛ፣ ልጆቻችንን ሷሊሖች ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።