የኑጉ ማሳና የዘይቱ ፋብሪካ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ኑግ መገኛው የኢትዮጵያ ደጋማ አገር ነው። ሰሊጣችንም የሁመራ ሰሊጥ ተብሎ በዓለም ገበያ በስሙ ይጠራል። ይሁን እንጂ በየጓዳችን ያለውን ጀሪካን ብናይ በአብዛኛው የያዘው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ በመርከብ የመጣ የፓልም ዘይት ነው። ታዲያ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ነገሩ የገበሬው ስንፍና አይደለም። የፖሊሲ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ መንግሥት የምግብ ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪን ለማሳደግ የተከተላቸው መንገዶች የት ላይ እንደተሳኩና የት ላይ እርስ በርስ እንደተጠላለፉ ለማብራራት እንሞክራለን።

ማቀነባበር ሲባል ምን ማለት ነው?

ማቀነባበር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ወተት ንጠው ቅቤ ያወጣሉ፤ ገብስ ቆልተውና ፈጭተው በሶ ያዘጋጃሉ። ፋብሪካ የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በብዛት፣ በተመሳሳይ ጥራትና ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ አድርጎ መሥራቱ ነው።

ጥቅሙን በቀላል ሂሳብ እንየው። ከ100 ኪሎ ኑግ ውስጥ 30 ኪሎ ዘይት ወጣ እንበል። የቀረው አብዛኛው ፋጉሎ ነው። ፋጉሎ ደግሞ ለወተት ላም ከሚሰጡ መኖዎች አንዱና ምርጡ ነው። እንግዲህ የቅባት እህሉን በጥሬው ወደ ውጭ ስንልክ ዘይቱን ብቻ አይደለም የምንልከው፤ የላማችንን መኖ አብረን እንልካለን። የስንዴ ዱቄት ፋብሪካ ፉርሽካ፣ የስኳር ፋብሪካም ሞላሰስ ይሰጣል። አንዱ ፋብሪካ ሌላውን ይጠራል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፖሊሲው ከየት ወዴት?

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ባለቤቱ ኤች. ቪ. ኤ. የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ነበር። ሸንኮራ አገዳ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ካልተጨመቀ ስኳሩ ይቀንሳል። ስለዚህ ኩባንያው ማሳውንና ፋብሪካውን ጎን ለጎን አቅዶ ሠራ። በ1967 ዓ.ም. ይህና ሌሎች ታላላቅ ፋብሪካዎች በመንግሥት ተወረሱ።

በ1994 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ልማት ስትራቴጂ ደግሞ ኢንዱስትሪው ከግብርናው ጋር ተሳስሮ እንዲያድግ አመለከተ። የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ በ2007 ዓ.ም. ወጣ። ከዚያም በቡልቡላ፣ በቡሬ፣ በይርጋለምና በባዕከር የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኮች እንዲገነቡ ተደረገ። የይርጋለምና የቡልቡላ ፓርኮች በ2013 ዓ.ም. ተመረቁ። የፓርኮቹ ሐሳብ ጥሩ ነው፦ በመካከል ፋብሪካዎች፣ በዙሪያው ደግሞ ምርት የሚሰበሰብባቸው የገጠር ሽግግር ማዕከላት። በወንጂ የታየው የማሳና የፋብሪካ ጉርብትና አሁን ለአቮካዶው፣ ለወተቱና ለማሩም እንዲሆን ታስቦ ነው።

አንዱ ሲቀድም፣ አንዱ ሲዘገይ

ሐሳብ ጥሩ መሆኑ ብቻውን ግን አይበቃም። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ዓመት ዕቅድ በርካታ አዳዲስ የስኳር ፋብሪካዎች ይሠራሉ ተብሎ ነበር። ግንባታው ዘገየ። አገዳው ግን ፋብሪካ አልጠበቀም፤ በአንዳንድ ቦታ ጊዜው አልፎበት ተወገደ። እዚህ ላይ ማሳ ነበረ፣ ፋብሪካ አልነበረም።

በዘይቱ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። በ2013 ዓ.ም. በቡሬና በደብረ ማርቆስ ታላላቅ የዘይት ፋብሪካዎች ተመረቁ። በየከተማው ያሉ አነስተኛ መጭመቂያዎች ሲጨመሩ የመጭመቅ አቅም እጥረት አለ ለማለት ያስቸግራል። ዳሩ ግን አብዛኞቹ የዘይት ፋብሪካዎች ከአቅማቸው በታች ሲሠሩ ቆይተዋል። እዚህ ፋብሪካ አለ፣ እህሉ የለም።

አንድ ጆንያ፣ ሦስት እጅ

ለመሆኑ እህሉ የት ሄደ? አንድ ጆንያ ሰሊጥ ሦስት እጅ ይጎትተዋል።

አንደኛው እጅ የውጭ ንግድ ነው። አገር ነዳጅና መድኃኒት የምትገዛበት የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋታል፤ ሰሊጥም ከቡና ቀጥሎ ከሚያስገኙት አንዱ ነው። ከዚህም በላይ፣ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲመራ እስከ ተደረገበት እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ፣ አንዳንዱ ነጋዴ ሰሊጡን በኪሳራም ቢሆን እየላከ ባገኘው ዶላር ሌላ ሸቀጥ አስገብቶ ያተርፍበት ነበር። ለዚህ ነጋዴ ሰሊጡ ራሱ ትርፍ ባይሰጠውም ግድ የለውም። ዘይት ጨማቂው ግን ትርፉ ከዘይቱ ብቻ ነው። በገበያ ላይ ምን ብሎ ይወዳደር?

ሁለተኛው እጅ የከተማው ሸማች ነው። ደመወዝተኛው ዘይት በርካሽ ማግኘት አለበት። መንግሥትም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የፓልም ዘይት እያስገባ በሸማቾች ማኅበራት በኩል በተተመነ ዋጋ ሲያከፋፍል ኖሯል። ለቤተሰቡ እፎይታ ነው፤ ለአገር ውስጥ ጨማቂ ግን ከባድ ተፎካካሪ።

ሦስተኛው እጅ ፋብሪካው ነው። እህሉ እዚሁ እንዲቀር ይፈልጋል። ነገር ግን እህሉ እንዳይወጣ ቢከለከል ዋጋው ይወርድና ተጎጂው ገበሬው ይሆናል። ዋጋው የወረደበት ገበሬ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ እህል ይዘራል።

እንግዲህ ሦስቱም እጆች ክፉ አይደሉም። ችግሩ ሦስቱንም የሚያዛቸው ያው መንግሥት ሆኖ ሳለ በየፊናቸው መጎተታቸው ነው። እኛ እንደምናየው መውጫው ጆንያውን መንጠቅ ሳይሆን ጆንያውን ማብዛት ነው። በአንድ ሄክታር የሚገኘው የኑግ ምርት አነስተኛ ስለሆነ የተሻሻለ ዘር፣ ምክርና ብድር ከፋብሪካው ግንባታ በፊት ወይም አብሮ መድረስ አለበት። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ገበሬውና ፋብሪካው ገና ከዘሩ ጀምሮ በዋጋና በጥራት የሚዋዋሉበትን መንገድ ከፍቷል። ሆኖም ውል የሚጸናው ሁለቱም ወገኖች አንብበው ሲረዱት ነው።

የእኛስ ድርሻ?

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ይመጣል። ከዚህ ተቋም ተመርቀን ከምንሄድባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ በማሳ የተከበቡ ናቸው። የምናስተምራቸው ልጆች ወላጆቻቸው ለሚዋዋሉት ውል የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ይሆናሉ። ስለዚህ የመቶኛ ስሌት ስናስተምር ምሳሌያችን የኑጉና የፋጉሎው ሂሳብ ይሁን። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ወተት ለምን እንደሚፈላና ለምን እንደሚቀዘቅዝ እናሳይ። በገበያ ቀን ደግሞ ተማሪዎች የአንድ ኪሎ ኑግና የአንድ ሊትር ዘይት ዋጋ ጠይቀው ይምጡና ልዩነቱ ወዴት እንደሄደ አብረን እናስላ። ይህን ማስላት የቻለ ልጅ ነገ ውሉ ሲቀርብለት ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያውቃል።